ወደ ግራ የሚስተው ጠመንጃ

ዕቃውን የሚያወድስ ሻጭ አያስቸግረኝም። ለምጄዋለሁ። ዝገቱን ጥላ ነው ይለኛል፣ ስንጥቁን የእንጨቱ መልክ ነው ይለኛል፤ እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ ልቤ ያለኝን ዋጋ እጽፋለሁ። የገዛ ዕቃውን ካላጣጣልክልኝ ብሎ የሚጣላኝ ሻጭ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። እሱንም አየሁ። የሚስቴ አባት ናቸው።

ሥራዬ ጠመንጃ መጠገን ነው፤ ያገለገለ ሲሸጥም ዋጋ እገምታለሁ። ደንቤ አጭር ነው፦ መርምሬ የደረስኩበትን ዋጋ በቁራጭ ካርቶን ላይ እጽፍና ከቃታው ጋር በክር አስረዋለሁ። ከታሰረ በኋላ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ሻጭም ገዢም ይህን ያውቃሉ። አኩርፈው የወጡት እንኳ ዞረው የሚመጡት ወደ እኔው ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አማቴ ፒካፓቸውን ሱቄ ደጃፍ አቆሙ። አቆሙ ያልኩት ለአክብሮት ነው፤ አንደኛው ጎማ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቷል። የቀኙ ስፖኪዮ በፕላስተር ተጠፍሯል። "የግቢያችሁ በር ጠባብ ነው" ብለውኝ ነበር በተሰበረ ጊዜ። በሩን ለክተው ያሠሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ብነግራቸው ግን ማን ሊሰማኝ!

የአደን ጠመንጃቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙት።

"ይኸው። የከብት ሐኪሙ ሊገዛኝ ነው፣ አሁን ይመጣል። ግማሽ ዋጋ ጻፍና እሰርልኝ።"

"አባባ፣ መጀመሪያ ልየው እንጂ።"

"ምኑን ታየዋለህ? ወደ ግራ ይስታል እያልኩህ! ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር አልመታሁበትም። በሙሉ ዋጋ ሽጬለት ነገ 'ሽማግሌው አታለለኝ' ይበለኝ?"

እኔ ግን እንደ ልማዴ ጠመንጃውን ፈታሁት። አፈሙዙን ወደ መብራት አዙሬ ውስጡን ባየው ያብረቀርቃል። ሰደፉ ለዓመታት በዘይት ከመወልወሉ የተነሳ ለስልሷል፤ አንዲት ብሎን እንኳ አልላላችም። እንዲህ የተያዘ ጠመንጃ በዓመት አንድ ቢገጥመኝ ነው። አማቴ ግን ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥለው መፈናፈኛ አሳጡኝ።

"ማነጣጠሪያው ተጣሟል፣ አይታይህም?"

"አልተጣመመም፣ አባባ።"

"ተጣሟል ስልህ! ዓይንህ ደክሟል መሰለኝ፣ መነጽር ግዛ።"

መለኪያዬን አውጥቼ ለካሁ። ቀጥ ያለ ነው። መለኪያውን አሳየኋቸው። ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው፣ ደግሞ ራቅ አድርገው አዩትና፣ "የዘንድሮ መለኪያ ደግሞ ቁጥሩን ምን አድርገው ነው ያደበዘዙት!" አሉ። ባለፈው ወር ጋዜጣውን ቀለም እየቆጠቡ ነው ብለው ሰድበውት ነበር። ደሜ ፈላ። ሌላ ሰው ቢሆን ብርድ ልብሱን አሸክሜ እሸኘው ነበር፤ ምን ላድርግ፣ የልጆቼ አያት ናቸው።

"ቶሎ በል" አሉኝ ደግሞ፣ "ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሊወጡ ነው። ላመጣቸው መሄድ አለብኝ።"

ወንበር ሰጥቻቸው ብቻዬን ወደ ጓሮ ወጣሁ። እዚያ መሞከሪያ የማደርገው ወፍራም የአሸዋ ግንብ አለኝ። ወረቀቱን ግንቡ ላይ ሰቀልኩ፤ ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቅልዬ በሞርሳ፣ በብረት መቆንጠጫዬ፣ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት፤ መሃሉ ላይ አነጣጥሬ ቃታውን በገመድ ሳብኩ። እንደገና አነጣጠርኩ፣ ሳብኩ። ደግሜ ሳብኩ። ሄጄ ሳይ ሦስቱም ጥይቶች ጥቁሩ ክብ መሃል ላይ ተነካክተው ገብተዋል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር፣ አልዋሽም። አሁን ምን ይሉኛል? ወረቀቱን ፊታቸው ላይ ዘርግቼ አፋቸውን ላስይዛቸው ነው፣ ብዬ ወደ ሱቁ መራመድ ጀመርኩ። መንገድ ላይ ግን ስፖኪዮው ትዝ አለኝ። ቀጥሎ ጋዜጣው፣ ቀጥሎ መለኪያው። ከዚያ ትልቋ ልጄ።

ትልቋ ልጄ ራት ላይ ደጋግማ የምትነግረን ጨዋታ አላት። "እኔና አያቴ መኪና ውስጥ እንጫወታለን። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እኔ 'በራ!' እላለሁ፣ ከዚያ አያቴ ይነዳል። ቀይ ሲሆን 'ቁም!' እላለሁ።" እናቷ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። ታናሽ ወንድሟ ለምን እኔም አልልም ብሎ ያለቅሳል። በየቀኑ፣ በዚያ ሁሉ መኪና መሃል፣ ሁለቱን ልጆቼን ስትነዳቸው የኖረችው የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ስመለስ የከብት ሐኪሙ ደርሷል። ዘንድሮ አደን የጀመረ፣ ነገር የማይወድ ወጣት ነው።

"አንተ ያልከውን እከፍላለሁ" አለኝ።

"ግማሽ ነው" አሉ አማቴ፣ የመኪናቸውን ቁልፍ በጣታቸው እያሽከረከሩ። "ጻፍና ልሂድ፣ ልጆቹ ደጅ ቆሙ።"

ካርቶኑን አነሳሁ። ግማሽ ብዬ ብጽፍ የሚከፋው ማንም አልነበረም። ሐኪሙ በርካሽ ያገኛል፤ አማቴም ጥፋቱን ጠመንጃው ላይ ጥለው፣ ኮራ ብለው፣ ፒካፓቸውን አስነስተው ይሄዳሉ። የሚሄዱት ግን ልጆቼን ሊያመጡ ነው። ሙሉውን ዋጋ ጻፍኩና ቃታው ላይ አሰርኩት።

ሐኪሙ ጮክ ብሎ አነበበው። አማቴ ከወንበራቸው ተነሱ።

"አብደሃል? ለአማቴ ላድላ ብለህ ነው? እኔ በውሸት ገንዘብ አልበላም!"

"ሞርሳ ላይ አስሬ ተኩሼዋለሁ፣ አባባ። አይስትም።"

"አላየሁም! እኔ ፊት እሰረው! ሰው ሳይነካው!"

ይህንን ነበር የፈራሁት። ሦስታችን ወደ ጓሮ ወጣን። አዲስ ወረቀት ሰቅዬ ጠመንጃውን አሰርኩና ዘወር አልኩ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ በማነጣጠሪያው አየ።

"መሃል ላይ ነው" አለ።

አማቴ ጎንበስ አሉ። አንዱን ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ ሌላውን። ብዙ ቆዩ።

"ወደ ግራ ዞሯል" አሉ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። አንድም ቃል አልተናገረም፤ ለዚህ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ገመዱን ለአማቴ ሰጠኋቸው፣ ራሳቸው ሳቡት። ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ከሁላችን ቀድመው ወደ ግንቡ ሄዱ። ወረቀቱ ፊት ቆመው ከግራ በኩል መፈለግ ጀመሩ። ፈለጉ፣ አጡት። በመጨረሻ እጃቸውን አንስተው በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ጣታቸው ክቡ መሃል ላይ ቀዳዳውን አገኘና እዚያው ቀረ።

ተጠጋሁ። ከመጡ ጀምሮ ሲጠራቀምብኝ የነበረው ንዴት ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙን አጠፋሁት" አሉ፣ ጣታቸውን ሳያነሱ።

"አባባ..."

"ተወኝ እስቲ። ሰማሁ እኮ።"

ሐኪሙ ገንዘቡን ከፈለ፤ አማቴ ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱት። ጠመንጃውን በብርድ ልብሱ ራሳቸው ጠቅልለው ሰጡት። "ዘይቱን አታጓድልበት" አሉት። ከዚያ የመኪናቸውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ "ልጆቹ ይጠብቃሉ፣ አንተ ንዳ" አሉኝ።

ሱቁን ዘግቼ ነዳሁ። እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው ስለ አነዳዴ አንድም ነገር አልተናገሩም፤ እኔን ለመውቀስ ያልፈጠኑበት ቀን ያ ብቻ ነው። ቢወቅሱኝ በወደድኩ። ልጆቹ አያታቸውን በማይቀመጡበት ወንበር አይተው ትንሽ ግራ ተጋቡ፣ ግን ከኋላ ገብተው ወዲያው መጣላት ጀመሩ።

መታጠፊያው ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ልጆቹ ጠባቸውን ተዉ። ትልቋ ልጄ በሁለቱ ወንበሮች መሃል አንገቷን አስግጋ መብራቱ ላይ አፈጠጠች።

"አያቴ፣ በራ!" ብላ ጮኸች።

አማቴ ወደ ኋላ ዞሩና ጉንጯን ፈልገው ነኩት።

"ለአባትሽ ንገሪው፣ የኔ እናት። ከእንግዲህ እሱ ነው የሚነዳው።"

"አባዬ፣ በራ" አለችኝ፣ ቅር እያላት።

አይቼዋለሁ። ከኋላችን ክላክስ እስኪጮህ ድረስ ግን ከቦታዬ አልተንቀሳቀስኩም።