አባቷ የታቀፋት ሕፃን

ልብስ ሰፊዋ አባቷን የምታውቀው በአንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። አንድ ቀጭን ወጣት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ገና ጥርስ ያላወጣች ሕፃን አለች። ሰውየው ሕፃኗን ያያል እንጂ ወደ ካሜራው ዞር አላለም። ፎቶ አንሺው «ኧረ ወደዚህ ተመልከት!» ብሎ ሳይለምነው አልቀረም፤ ግን ማን ሰምቶት።

ሕፃኗ እሷ ናት። ሰማንያ ዓመቷን ልትደፍን ሁለት ወር እስኪቀራት ድረስ፣ ሕፃኗ እሷ ለመሆኗ አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም።

አባቷ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። ያኔ መጽሐፍ የሚታተመው የእርሳስ ፊደል ከሳጥን አንድ በአንድ እየተለቀመ፣ መስመር በመስመር እየተደረደረ ነው። «ከሥራ ሲመጣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ነበር ብድግ የሚያደርግሽ» ትላት ነበር እናቷ፤ «ልብስሽ ሁሉ ቀለም በቀለም። ስንቱን አጥቤ እችላለሁ!» አባትየው አንድ ሳምንት ሳንባውን ታሞ ሲሞት እሷ ገና የዓመት ተኩል ልጅ ነበረች ይባላል። ይህን ወሬ ደጋግማ ከመስማቷ ብዛት፣ ከጊዜ በኋላ ራሷ ማስታወስ ጀመረች። የቀለሙ ሽታ ይሸታት ነበር። የሸሚዙ ቁልፍ ጉንጯን ሲቆረቁራት ይሰማት ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የልጆች ልብስ ስትሰፋ፣ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች የምታስበው ያንን ቁልፍ ነው። የአባት ናፍቆት ከልጅነት ጋር አብሮ ያልፋል የሚል ሰው ካለ መጥቶ ይጠይቃት። ስታገባ ናፈቃት፤ ስትወልድ ናፈቃት፤ ባሏን ስትቀብር እንኳ አባቷን እየጠራች አልቅሳ ለቀስተኛውን ግራ አጋብታለች። የሚያጽናናት አንድ ነገር ነበር። ታቅፏታል። ለዚህም ፎቶው አለ።

ነገሩን የነካካችው የልጅ ልጇ ናት። ታሪክ ነው የምትማረው። ቤት ውስጥ «ዳኛዋ» ይሏታል፤ ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። ለአያቷ ሰማንያኛ ልደት የቤተሰቡን የዘር ሐረግ በትልቅ ወረቀት ሠርታ ግድግዳ ላይ ልትሰቅል ተነሳች። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሕግ አወጣችለት። ወረቀት የሌለው ወሬ፣ አንዱ ከሌላው ያልሰሙ ሁለት ምስክሮች ካልቆሙለት በስተቀር፣ ሐረጉ ላይ አይወጣም አለች።

መጀመሪያ ዱላው ያረፈው በልብስ ሰፊዋ ባል ወገን ላይ ነው። ኮርማ ተሸክሞ ወንዝ ዋኝቶ ተሻገረ የሚባለው ቅድመ አያት ጀልባ ቀዛፊ ሆኖ ተገኘ፤ ኮርማው የተሻገረው በጀልባው ነው። መቶ ሠላሳ ዓመት ኖረ የተባለው ሰው ሲጣራ አባትና ልጅ ሆነው ቁጭ አሉ፤ የሁለቱን ዕድሜ የሚደምር ዘመድ አልጠፋም። ሰባት ጀግና ወንድማማቾች የተባሉት ሲቆጠሩ ሦስት ሆኑ፤ ከሦስቱም አንዷ እህት ናት። ልብስ ሰፊዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የባል ወገን ሲራገፍ ማን ይጠላል?

«አሁን ደግሞ ያንቺ ተራ ነው፣ እማማ» አለች ዳኛዋ።

«የኔማ ምን አለበት! ሁሉም በወረቀት ነው።» የልደት ምስክር ወረቀቷንና ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው፤ ደረቷን ነፍታ፣ አንደኛ የወጣ ተማሪ ነው የምትመስለው።

የጎደለው አባትየው የሞተበት ቀን ብቻ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ዛሬም ሥራ ላይ ስለሆነ አያትና የልጅ ልጅ ተያይዘው ሄዱ። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከወረቀት ጥቅልሎቹ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ኃላፊው አንድ መነጽር ዓይኑ ላይ፣ ሌላ መነጽር ግንባሩ ላይ ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ወንበር ሰጥቷቸው፣ ካርዶቹን ሲያገላብጥ ቆየና አንድ ቢጫ ካርድ መዝዞ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር።

«ፊደል ለቃሚ። ያገባ። ልጅ፣ አንዲት ሴት።»

«እኔ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ አፏን ሞልታ።

ኃላፊው ካርዱን ገለበጠው። «የወሰዳቸው ፈቃዶች። በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ ሦስት ቀን፣ ለሴት ልጁ ቀብር።» ድምፁ መጨረሻው ላይ ዝቅ አለ። «ከዚያ በቀጣዩ ዓመት በአራተኛው ወር፣ ሠራተኛው በሕመም ሞቷል።»

«የማን ቀብር?»

«የሴት ልጁ ነው የሚለው፣ እናቴ።»

«ይኸው አለሁ እኮ! አይታይህም? ታዲያ ሁለት መነጽር ለምን ጫንክ?»

«እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት» አለ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ።

ልብስ ሰፊዋ የልጅ ልጇን ሳትጠብቅ ደረጃውን ወጣች። ሦስት ቀን ሙሉ በሯን ዘግታ ቆየች። ዳኛዋ ነገሩ የገባት ገና ደረጃው ላይ ሳለች ነው፤ ግን በሆዷ ያዘችው። በአራተኛው ቀን አያትየዋ ራሷ ጠራቻት።

«ነይ ቁጭ በይ። የደረስሽበትን ንገሪኝ። እንዳትሸፋፍኚልኝ።»

«እማማ፣ ካንቺ በፊት እህት ነበረችሽ። የልደት ወረቀቱ የሷ ነው። እሷ ሞተች፤ በአራተኛው ወር አባትሽ ተከተላት። አንቺ ያን ጊዜ ሆድ ውስጥ ነበርሽ። በዚያ ዘመን አባት ራሱ ቀርቦ ካልፈረመ ልጅ በስሙ አይመዘገብም። እናትሽ ምን ታድርግ? የእህትሽን ወረቀት ከነስሙ ሰጠችሽ። አባት እንዲኖርሽ ብላ ነው።»

«ፎቶውስ?»

ልጅቷ የልደት ወረቀቱን አንስታ ፎቶው አጠገብ አስቀመጠችው።

ልብስ ሰፊዋ ልትቆጣ ፈለገች፤ ግን ገላዋ ራሱ መሰከረባት። በትምህርት ቤት ከክፍሉ ሁሉ አጭሯ እሷ ስለነበረች ስሟ «ጩጬ» ነበር። ጓደኞቿ የወተት ጥርሳቸውን ነቅለው ሲጨርሱ የሷ ገና መነቃነቅ አልጀመረም። «ለምንድን ነው እኔ ብቻ?» ስትላት እናቷ የታጠበ ሰሃን መልሳ ታጥብ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ልጅ ይዘው የሚመጡ እናቶችን «ስንት ዓመቷ ነው?» እያለች፣ የሚነግሯትን ሳታምን ሜትሯን ዘርግታ የምትለካ ሴት፣ የራሷን ዕድሜ ለክታው አታውቅም።

«እንተወው፣ እማማ» አለች ዳኛዋ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ሕፃኗ አንቺ ነሽ ብለን እንጻፍ። ማን መጥቶ ይጠይቀናል?»

እሺ ልትላት ምንም አልቀራትም ነበር። ልጅቷን ሸኝታ ፎቶው ፊት ብቻዋን ተቀመጠች። እውነቱን እንናገር፤ ቀናች። በእውነተኛ ዕድሜዋ የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት፣ ዓመት ከሦስት ወር በምድር ላይ በቆየች ሕፃን ቀናች። ያ ቁልፍ ይቆረቁር የነበረው የእህቷን ጉንጭ ነው። ዕድሜዋን በሙሉ የሌላ ሰው እቅፍ ስትሞቅ ኖራለች። እሱ ግን እሷን አያውቃትም። አላያትም፣ አልጠራትም፤ ምናልባት እናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች እንኳ ሐዘን ላይ ስለነበር ልብ ብሎ አላሰባትም። የከፋት ይህኛው ነው። አባቷ ሲሞት፣ ለእሱ እሷ የምትባል ሰው ጨርሶ አልነበረችም ይሆን?

በማግስቱ ጠዋት፣ ራሷም ሳታምንበት፣ «ካርዱ ስህተት ነው፤ አስመሰክራለሁ» ብላ የክት ልብሷን ለብሳ ብቻዋን ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደች።

«ካርዱን አልፈልግም። ማህደሩን ሙሉውን አምጣልኝ» አለችው ባለ ሁለት መነጽሩን።

«የሠራተኛ ማህደር ለውጭ ሰው አይሰጥም፣ እናቴ።»

«እኔ ነኝ የውጭ ሰው?» አለችና ዓይኗ ኮቱ ላይ ዐረፈ። «እስቲ ያንን እጅጌ አሳየኝ። ይኸው ተተርትሮ አልቋል። ይህን ለብሰህ ሰው ፊት ትቀርባለህ? አውልቀው!»

መርፌና ክር ከቦርሳዋ ተለይተው አያውቁም። ሰውየው ምን ይበል፤ ኮቱን አውልቆ ሰጣት። «እጅዎ ላይ አልሰጥዎትም፤ እኔው ላንብብልዎ» ብሎ ማህደሩን አወጣ። እሷ እጅጌውን ትሰፋለች፣ እሱ ገጹን ይገልጣል። የቅጥር ደብዳቤ። የሐኪም ወረቀት። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ አርፍዶ ስለገባ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ፤ እዚህ ላይ ሁለቱም ሳቅ አሉ። ቀጥሎ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ መጣ። ኃላፊው ጥቂት መስመር ለራሱ አነበበና ጉሮሮውን ጠርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ለማተሚያ ቤቱ አስተዳደር። ባለቤቴ በስድስተኛው ወር፣ በሃያኛው ቀን ገደማ እንደምትወልድ ተነግሮናል። የመጀመሪያዋ ልጄ ስትሞት ሥራ ላይ ስለነበርኩ አልደረስኩላትም። ይህኛው የሚወለደው ልጅ ሲመጣ ግን ቤት ሆኜ ልቀበለው እፈልጋለሁ። ስለዚህ ያልወሰድኩት የአሥራ አምስት ቀን የዓመት ፈቃድ ከተባለው ቀን ጀምሮ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።»

መርፌው እጅጌው ላይ እንደተሰካ ቀረ።

«ድገምልኝ።»

ደገመላት።

«አሁን ለኔ ስጠኝ።»

ሰውየው ደንቡን ረስቶ ሰጣት። የአባቷን የእጅ ጽሑፍ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ፊደሎቹ ደቃቃና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ሥራው ነዋ። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበች። «የሚወለደው ልጅ» የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ይቺ እሷ ናት። እሷው ራሷ ናት። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር፤ ልትጠርገውም አልሞከረችም።

«ፈቅደውለት ነበር?»

«ፈቅደዋል። ማኅተሙ ይኸው።» የመዝገብ ሰው ነውና ሌላ ምን ማለት እንዳለበት አላወቀም። «ግን ሳይወስደው ነው የሞተው። እስከ ዛሬ አሥራ አምስት ቀን ቀሪ አለው።»

የደብዳቤውን ቅጂ ይዛ ቤቷ ገባች። ከሰዓት በኋላ ዳኛዋ ስትመጣ የዘር ሐረጉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጠበቃት። ልብስ ሰፊዋ «ከኔ በላይ ለእህቴ ቦታ ስሪላት» አለቻት። ልጅቷ መስመሩን አሰመረች። ከዚያ አያትየዋ ፎቶውን አነሳች፤ ለአፍታ ያዝ አደረገችው። ቀጥላም ከእህቷ ስም ጎን ራሷ ለጠፈችው፤ አራቱንም ጥግ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ። ከራሷ ስም ጎን የደብዳቤውን ቅጂ ለጠፈች። ዳኛዋ ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ አያቷን አቅፋ ብዙ ቆየች።

በኋላ እስክሪብቶዋን አንስታ አመነታች።

«እማማ፣ የተወለድሽበትን ቀን መቼ ብዬ ልጻፈው? ትክክለኛውን የሚያውቅ ሰው የለም እኮ።»

«እሱ የጠበቀኝን ቀን ጻፊልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ።