ከሶፋው ኋላ የዘነበው ዝናብ

ሊፍት ጠጋኙ ከተማውን ሽቅብ ቁልቁል የሚያመላልሰው እሱ ብቻ እንደሆነ ያምናል። አርባኛ ፎቅ ላይ የተገተረ ሊፍት ኮቴውን ሲሰማ በገዛ ፈቃዱ ይወርዳል ይባላል፤ የሚለውም እሱ ራሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ታዲያ በሚስቱ አባት ቤት አንዲት ሶኬት እንኳ ነክቶ አያውቅም። አማቱ ጡረታ የወጡ የማሽን ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ዕቃቸውን ሌላ ሰው ሲነካባቸው ጥርሳቸው የተነቀለ ያህል ያማቸዋል። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ "ተወው ልጄ፣ እኔ እሠራዋለሁ" ሲሉት ኖረዋል።

ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቴአትር የገዙ ዕለት ግን ወገባቸው አልታጠፍ አለና ፈቀዱለት። ፈቃዱ ከነቅጣቱ ነበር።

"ከኋላዬ ድምፅ ይመጣል ብለሃል። ካልመጣ ሁለተኛ በዚህ ቤት ዕቃ አትነካም።"

"አባባ፣ ዝናብ ያለበት ፊልም ያስገቡ ብቻ። ጃንጥላ ካላሰኘዎት ሊፍት ጠጋኝ አይበሉኝ።"

"ዝናብማ ያውቅበታል" አለች ሚስቱ ከሶፋው ላይ፤ "እሱ የጠገነው የቤታችን ቧንቧ ምስክር ነው።"

አንዱን ገመድ ከዲቪዲ ማጫወቻው ድምፁን ለስፒከሮቹ ወደሚያከፋፍለው ሪሲቨር፣ ሌላውን ከሪሲቨሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ሰካ። ሦስት ስፒከር ከፊት፣ ሁለት ከሶፋው ኋላ አቆመ። አማቱ መነጽራቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ ሥራው አለቀ። ፊልሙ ተከፈተ፣ ዝናቡም ወረደ፤ ከፊት ብቻ።

"ከኋላዬ የሰማሁት የሚስቴን ማዛጋት ነው" አሉ አማቱ።

ሌላ ሰው ቢሆን ላብ ያጠምቀው ነበር። እሱ ግን ሊፍት ሲቆም ፎቆቹን አንድ በአንድ እንደሚጠራው፣ የሪሲቨሩን የስፒከር መሞከሪያ ከፈተ። ሹሹ የሚለው የሙከራ ድምፅ ከስፒከር ስፒከር እየዘለለ አምስቱንም አዳረሰ።

"ሽቦዬ ንጹሕ ነው። ነገሩ ያለው ማጫወቻው ላይ ነው።"

"የኔ ማጫወቻ? ስድስት ዓመት ሲያገለግለኝ አንድ ቀን አልተሳሳተም።"

"አሁንም አልተሳሳተም አባባ። የአምስቱን ስፒከር ድምፅ ለፊተኞቹ ለሁለቱ ብቻ ጨምቀህ ላክ ተብሏል፤ የታዘዘውን ይሠራል። ማን እንዳዘዘው እንጃ።"

"እኔ አውቃለሁ" አሉ አማቲቱ ከሶፋው ኋላ ካለው የምግብ ጠረጴዛ። "አሮጌው ቴሌቪዥን ድምፅ አላወጣ ሲል ማጫወቻውን ሦስት ቀን ሙሉ ስትጎረጉረው የከረምከው አንተ አይደለህ እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?"

የማጫወቻው ሪሞት በአማቱ መዳፍ ውስጥ ነበር፤ ያንን ሪሞት ከጋብቻ ቀለበታቸው አብልጠው ነው የሚጠብቁት። ሊፍት ጠጋኙ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል ኖሮ አስራ ሁለቱ ዓመት ሃያ አራት በሆነ ነበር። አላለም። እጁን ዘርግቶ ጠበቀ።

ሰጡት።

የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ማጫወቻው የዲስኩን ድምፅ ሳይነካካ እንዳለ ለሪሲቨሩ እንዲያስረክብ አዘዘው። ፊልሙን መልሶ ከፈተ። ዝናቡ ከሶፋው ኋላ ዶፉን ለቀቀው፤ አማቲቱ ብድግ ብለው ልብስ ሊያስገቡ ወደ በረንዳ ሮጡ፣ ፀሐዩንም አይተው እየተሳደቡ ተመለሱ።

አማቱ ዝናቡን እስከ ማብቂያው አዳመጡ። ከዚያ ዞር ሳይሉ፦

"እነዚያን የኋላዎቹን ግድግዳው ላይ ስቀላቸው እንግዲህ። የመሣሪያ ሣጥኔ አልጋዬ ሥር ነው።"

ሥራው የአራት ብሎን ነበር። እያጣጣመ አንድ ሰዓት ፈጀበት፤ አማቱም አንዴ እንኳ ተነሥተው አላዩትም።