የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤቶች ባለቤት

ይቺ ልጅ ለአባቷ ቢሮ ትጠቅም ይሆን ወይስ ተመልሳ ትሄዳለች? ራሷም አታውቀውም። ሩቅ አገር ፕሮግራም መጻፍ ተምራ፣ እዚያው ሠርታ ከተመለሰች ሁለት ወሯ ነው። የዚያ አገር አለቃዋ ቦታዋን እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚያቆዩላት ነግረዋታል።

አባቷ የቤት ፕላን ሠሪ ነው። ኮምፒዩተሩ ውስጥ በየዓመቱ ሥር ሰፈር፣ በየሰፈሩ ሥር ደንበኛ እየሆነ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፎልደር አለ። በየፎልደሩ ደግሞ የደንበኛው ስምና የአባትየው ቢሮ ስልክ የተጻፈበት አጭር ፋይል። ስልኩ ተቀየረና አባትየው አንድ በአንድ ሊያርም ሲነሳ፣ ልጅት ተወው፣ በአንድ ትእዛዝ እጨርሰዋለሁ አለችው።

የጻፈችው አጭር ፕሮግራም፣ ስክሪፕቱ፣ በየፎልደሩ እየገባ የድሮውን ፋይል “የቀድሞ” በሚል ስም አጠገቡ ያስቀምጣል፤ በምትኩ አዲሱን ያስገባል። አዲሱን ያዘጋጀችው የአንድ ደንበኛን፣ የጡረተኛ ፖስተኛን ፋይል ቀድታ፣ ስልኩን ብቻ አርማ ነው። አስነሳችው፤ በዓይን ጥቅሻ አለቀ። ኮራ ብላ ሻይ ልታፈላ ሄደች።

አባትየው ሁለቴ ሳይለካ አንድ መስመር አስምሮ አያውቅም። እስክትመለስ እሱም ለእርግጠኝነት ደግሞ አስነሳው።

ከዚያ የአንዲት ዳቦ ጋጋሪ ደንበኛን ፋይል ከፈቱ። ባለቤት፦ ፖስተኛው። የጎረቤቷንም ከፈቱ። ፖስተኛው።

“ይሄ ሰውዬ በጡረታው ከተማውን ጠቀለለው እንዴ?” አለ አባት።

ልጅት እየሳቀች “የቀድሞ” የሚለውን ከፈተች። እሱም ፖስተኛው። ለካ አባቷ ያስነሳው ሁለተኛ ዙር የድሮውን ቅጂ በአዲሱ ደፍጥጦታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን የምትለቅመውም አልቀራት። ሻንጣዋ የት እንዳለ ማሰብ ጀመረች።

አባት መሳቢያውን ሳበና በላስቲክ የታሰረ ፍላሽ አወጣ። ኮምፒዩተሩ ፊት መጀመሪያ በተቀመጠችበት ጠዋት ሁሉንም ገልብጦ ነበር።

“አላመንከኝም ማለት ነው?”

“አምኜሻለሁ እንጂ፣ ልጄ። ግን እኔ ሁለቴ ነው የምለካው።”

ፋይሎቹን መለሰች። ስክሪፕቱ በየፋይሉ ውስጥ ስልኩን ብቻ እንዲቀይር፣ “የቀድሞ” ካለ ደግሞ እንዳይነካው አድርጋ ጻፈችው። አባት ሁለቴ አስነሳው፤ ምንም አልተበላሸ። ሦስተኛም ሞከረ።

“አሁን የቤታችን ሰው ተገኘ” አለ።

ስለ ስክሪፕቱ ይሁን ስለ እሷ አልጠየቀችውም። ስልኳን አንስታ ለአለቃዋ ጻፈች፦ “እዚሁ እቆያለሁ። ግን ቦታዬን ጨርሰው ከመሰረዝዎ በፊት አንድ ቅጂ ያስቀሩልኝ።”

ላከችው። ለእርግጠኝነትም ደግማ ላከችው።