ምዕራፍና ማርሽ

መኪና መንዳት ከሚያስተምሩት ሁሉ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማው እሱ ነበር። ተማሪዎቹ በሌለበት «ነጎድጓድ» ይሉታል፤ ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ነው። አንድ ቀን ለአንዲት ፀጉር ሠሪ «ፍሬን!» ብሎ ቢጮህ፣ እሷ ብቻ ሳትሆን በአጠገባቸው የሚያልፈው አውቶቡስም ቀጥ አለ ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት የአውቶቡሱ ሹፌር ያውቃል።

ክፉ ሰው ግን አልነበረም። እንዲያውም በየማለዳው፣ ቤተሰቡ ሳይነሳ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል። በቀን ሦስት ምዕራፍ። የዓመቱን የንባብ ዝርዝር ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፎ፣ ያነበበውን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደርግበታል። ታዲያ ሲያነብ ጭር ያለ አስፋልት እንዳገኘ ሹፌር ነው፤ በአራተኛ ማርሽ ይለቀዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ለተማሪዎቹ በቀን አሥር ጊዜ ይነግራል፤ ለራሱ ነግሮ ግን አያውቅም።

አንድ ቀን ራት ላይ አማቱ ጉድ አፈሉ። እኚህ ሴት ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ስለኖሩ አንዴ የሰሙት ነገር ከጆሯቸው አይወጣም። ከልጃቸውና ከባሏ ጋር መኖር ከጀመሩ ዓመት ሆኗቸዋል።

«ልጄ፣ ዛሬ ምን አነበብክ?» አሉት።

«ሦስት ምዕራፍ።»

«ስንት አላልኩህም። ምን?»

ነጎድጓድ ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ሚስቱን አየ። እሷም ሳቋን ለመዋጥ ወደ ሳህኗ አቀርቅራለች።

«ስለ… አንድ ንጉሥ ነው» አለ።

«የትኛው ንጉሥ?»

«ክፉው።»

«ክፉዎቹማ ብዙ ናቸው» አሉ አማትየው።

ሚስቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ከዚህ በላይ መታገስ አቃታት። «እኔ ለሕመምተኛ መድኃኒት ሰጥቼ ‹ወረቀቱን አንብበህ ስትጨርስ መድኃኒቱን ሳትውጥ ወደ ሳጥኑ መልሰው› ብዬ አላውቅም» አለች።

ነጎድጓድ ፊቱ ቀላ። አማቱ ግን አዘኑለት መሰለኝ፣ ድምፃቸውን አለሳለሱ። «ከነገ ጀምሮ ጥቂት አንብብ። ካነበብከው አንድ ነገር ያዝ፣ ቀን ላይ አድርገው፣ ማታ ንገረን። ማድረግህን ደግሞ እኔ ራሴ ቦታው ድረስ መጥቼ አያለሁ።»

«የት ቦታ?»

«መንዳት ልማር ነው። ከነገ ጀምሮ ተማሪህ ነኝ።»

የጠጣው ውኃ ትን አለው። «እማማ፣ እርስዎ? መኪና?»

«ስልሳ አራት ነው የሞላኝ እንጂ መቶ አልሞላኝ!»

በማግስቱ ያነበበው የለዘበ መልስ ቁጣን ይመልሳል የሚለውን ነበር። ደስ አለው፤ ይህማ ቀላል ነው። መሪው ላይ የተቀመጠው ሆዱ መሪውን የሚነካ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ አማትየው ከኋላ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አቅፈዋል። ነጎድጓድ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ እባክህ፣ የማይከብድህ ከሆነ፣ እግርህን ቀስ ብለህ ወደ ፍሬኑ ብታዞረው…» ሲል መኪናዋ መለማመጃው ሜዳ ዳር የተከመረው አሮጌ ጎማ ላይ ወጥታ ቆመች። የፊት ጎማዎቿ አየር ላይ ይሽከረከራሉ።

ዳቦ ጋጋሪው ሞተሩን አጠፋ።

«ልጄ» አሉ አማትየው ከኋላ፣ «ለዘብ በል ነው እንጂ አንቀላፋ ማን አለህ?»

ሁለተኛው ቀን ደግሞ አንድ ምዕራፍ መንገድ እንድትሄድ ለሚያስገድድህ ሁለተኛውን ጨምርለት የሚለው ቃል ደረሰው። ዳቦ ጋጋሪው ሰዓቱ ሲያልቅ «ጋሼ፣ አንድ ዙር ብቻ» አለ። ነጎድጓድ ፊቱ በርቶ «ሁለት!» አለው። ሁለተኛው ዙር አጋማሽ ላይ ነዳጅ አለቀ። ነጎድጓድና ዳቦ ጋጋሪው ከኋላ እየገፉ፣ አማትየው መሪውን ይዘው፣ በሰው መሐል እስከ ማደያው ድረስ ሄዱ። አማትየው በመስኮት ብቅ ብለው «ግፉ! ግፉ! እየተማርኩ ነው!» ይላሉ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ቢያቃጥለውም ነጎድጓድ ሳያስበው ሳቀ። ዳቦ ጋጋሪውም ሳቀ። ሰባት ሳምንት አብረው ሲሠሩ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ግን ተንኮል አሰበ። ጎማውንም ግፊያውንም ወገቡ አልረሳውም። ስለዚህ ማለዳ ገጽ እያገላበጠ ሄደና እገሌ እገሌን ወለደ የሚለው የትውልድ ዝርዝር ላይ ቆመ። እፎይ አለ። ከዚህ ምን ይወጣል! ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ እንዲያውም ሁለቴ አነበበው።

ማታ ሲጠየቅ እጁን ዘርግቶ፣ «ዛሬ የሚደረግ ነገር የለም። ስም ብቻ ነው» አለ።

«የማን ስም?» አሉ አማቱ።

«የብዙ ሰው። ግማሾቹ ምን እንደሠሩ እንኳን አይታወቅም። ስማቸው ብቻ ተጽፏል።»

አማትየው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ምን እንደሠሩ ያልታወቁትን ሁሉ እግዚአብሔር በየስማቸው ካስጻፈ፣ አንተ የተማሪዎችህን ስም ታውቃለህ?»

ነጎድጓድ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ዳቦ ጋጋሪው «ማርሽ ሰባሪው» ነው። ዓይን አፋሯ የባንክ ሠራተኛ «መስታወት» ናት፤ አይታው ስለማታውቅ። አንደኛው «ቀኝ ሲሉት ግራ» ነው። የአማቱን ስም እንኳን ለማስታወስ አንድ ትንፋሽ ያህል ፈጀበት፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረም።

በማግስቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ወጣ። መስታወት መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ስታስር «ስምሽ ማነው?» አላት። ልጅቱ ደንግጣ «ምን አጠፋሁ?» አለች። ምንም እንዳላጠፋች፣ ማወቅ ፈልጎ እንደሆነ ሲነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ እዚህ የምመጣ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደኝም» አለችው። ነጎድጓድ ወረቀቱ ላይ ስሟን ጻፈ፤ በጥንቃቄ፣ ፊደሉን እየጠየቀ። ያን ቀን አንድ ነገር ተገለጠለት። ሰውን በስሙ ጠርቶ መጮህ ይከብዳል፤ ስሙ ከአፍ ሲወጣ ድምፁ ራሱ ይወርዳል። ልጅቱም ያን ቀን መስታወቱን ሦስት ጊዜ አየችው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ እየጣፈጠው መጣ። ሚስቱም ራት ላይ «እሺ፣ ዛሬስ?» ማለት ለመደች። ሳምንታት አለፉ። አማትየውም ፍሪሲዮን መልቀቅ፣ ዳገት ላይ መነሳት፣ ወደ ኋላ ሄዶ ማቆም ቻሉ፤ የፈተና ቀናቸውም ሐሙስ እንዲሆን ተቆረጠ።

ሰኞ ማለዳ መባህን ይዘህ ስትቀርብ ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር እንዳለ ትዝ ቢልህ፣ መባውን ትተህ መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ የሚለው ደረሰው። ነጎድጓድ መጽሐፉን እንደ ጋለ ክዳን ጣል አድርጎ ዘጋው።

ትዝ ያለው ሰው የመንጃ ፈቃድ ፈታኙ ነው። ፊቱ ስለማይፈታ «ድንጋዩ» ይሉታል። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ቀን ሦስት የነጎድጓድ ተማሪዎችን ጣለ። ነጎድጓድም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፉ ያመጣለትን ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ናቸው፤ የሚነጋገሩት በወረቀት ብቻ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ የሚመለስ አልሆነም።

ማታ ግን መላ አግኝቶ ነበር። «እሄዳለሁ» አለ፣ «ግን ከሐሙስ በኋላ። አሁን ብሄድ ለአማቱ ሊለማመጥ መጣ ይላሉ። ለስም ጥሩ አይደለም።»

አማትየው ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ። «ብልህ ነህ። ቃሉ ላይ ‹ሐሙስ ካለፈ በኋላ› ይላል?»

«አይልም።»

«እንግዲያ የፍርሃትህ መሸሸጊያ አታድርገኝ።»

ረቡዕ ጠዋት ሄደ። በፈተናው ሜዳ ሃያ የሚሆኑ ተፈታኞች ወረቀታቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ድንጋዩ ከቆርቆሮ ጥላው ሥር ቆሞ ስም ይጠራል። ነጎድጓድ ሲጠጋ ቀና ብሎ አየውና፣ «የአማትህ ፈተና ነገ ነው አይደል?» አለ።

«ነው።»

«ገባኝ።»

«አልገባህም። መውደቅ የሚገባቸው ከሆነ ጣላቸው። እኔ የመጣሁት ስለ አፌ ነው። ያኔ ለተናገርኩህ ይቅርታ ልጠይቅህ።»

«ምን ነበር የተናገርከኝ?»

«ታውቀዋለህ።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለ ድንጋዩ። «ያኔ ግን የተናገርከው በሰው ፊት ነው። ይቅርታውም ምን እንደሆነ ሰው ይወቅ።»

በሰልፉ ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ። ነጎድጓድ መሬቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያም ድምፁን አውጥቶ፣ «‹አንተ ሰው ወደ ፊት ሲሄድ ካየህ ያምሃል፤ የምታውቀው ማርሽ የኋላውን ብቻ ነው› ብዬህ ነበር። ውሸቴን ነው። ማርሹን ሁሉ ታውቃለህ። ይቅር በለኝ» አለ።

ከሰልፉ አንዷ ሳቋ አመለጣት። ድንጋዩ ፊቱን አላዞረም፤ ከንፈሩ ግን እንዳረጀ የዝናብ መጥረጊያ አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ አለ።

«ያኔ ሁለቱ ተማሪዎችህ ቀይ መብራት ጥሰው ነው የወደቁት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሦስተኛው ግን ያለፈው ቢጫ ላይ ነበር። ጠዋት ከቤት ተጣልቼ ነው የወጣሁት። ንዴቴን በሱ ላይ ተወጣሁ። እኔም ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።» እጁን ዘረጋ። ነጎድጓድ ጨበጠው።

ሐሙስ ደረሰ። አማትየው ቀበቶ አሰሩ፣ መስታወት አዩ፣ እንደ ቅቤ እያለሰለሱ ተነሱ። ዳገቱን ወጡ፣ መብራቱን አከበሩ። ነጎድጓድ ከዳር ቆሞ ጣቱን ይነክሳል። መጨረሻው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ ግን መሐል ላይ ቀጥ አሉ፤ መስኮቱን አወረዱና በዚያ በስልክ በለመዱት ድምፃቸው «ሃሎ! አንቺ! አለሽ እንዴ?» አሉ። በእግረኛው መንገድ የምትሄደው ሴት ለካ ሃያ ዓመት አጠገባቸው ተቀምጣ ስልክ ስታገናኝ የኖረች ጓደኛቸው ናት። ጤና ተጠያየቁ፣ ልጆች ተጠያየቁ። ከኋላቸው ስድስት መኪና ጡሩምባውን ያስጮኻል።

ድንጋዩ ወረቀቱ ላይ «ወድቀዋል» ብሎ ጻፈ።

ነጎድጓድ ደሙ ወደ ራሱ ወጣ። በሃያ ሰው ፊት ተዋርጄ! እንዲህ ሊያደርገኝ! ሁለት እርምጃ ወደ ድንጋዩ ተራመደ፤ ሦስተኛው ላይ ቆመ። ጣላቸው ያለው ማን ነበር? እሱ ራሱ። በአፉ ጣላቸው እያለ፣ በሆዱ ደግሞ ውለታው እንዲመለስለት ጠብቆ ኖሯል። አፍሮ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። አማቱ ከመኪናው ወርደው «ምን ላድርግ፣ ጓደኛዬን አይቼ እንዳላየ ልለፍ?» ሲሉ ግን ሳቁ መጣ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ልክ ነህ» አለው ድንጋዩን። «እኔም ብሆን እጥላቸው ነበር።»

ማታ የሆዱን ሁሉ ሳይደብቅ ተናገረ። ሚስቱ አላሾፈችበትም፤ እጇን እጁ ላይ አደረገች። አማቱም «ይህን ያህል ራስህን ካየህ፣ የእኔ መውደቅ ከንቱ አልሆነም» አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አማትየውን ሌላ ፈታኝ ፈትኗቸው አለፉ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ዕለት ድንጋዩ ወደ መለማመጃው ሜዳ መጣ። ብቻውን አልነበረም፤ ከሚስቱ ጋር ነው። «እኔ ላስተምራት ሞክሬ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ» አለ፣ ጆሮውን እያከከ። «አንተ ሞክራት።» ሚስትየው መሪው ላይ ተቀመጠች፣ ነጎድጓድ አጠገቧ፣ ድንጋዩ ከኋላ። ነጎድጓድ ስሟን ጠይቆ ጻፈ። ሞተሩን አስነሳች። መኪናዋ ገና ሳትንቀሳቀስ ከኋላ «መስታወት! ፍሪሲዮን! ኧረ ፍሪሲዮን!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ሴትዮዋ ስትደነግጥ ሞተሩ ጠፋ።

ነጎድጓድ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። «ወንድሜ፣ ና ውረድ» አለው በለሰለሰ ድምፅ፤ የሚሰማ ግን ነበር። «እሷ ትለማመድ። አንተ ቤትህ ሄደህ ጠብቃት።»

«በምን ልሂድ? የመጣነው በእግር ነው» አለ ድንጋዩ።

አማትየው የልጃቸውን መኪና ቁልፍ እያንቀጫቀጩ ከዳር ቆመዋል። «እኔ አለሁ አይደል? አደርስሃለሁ፤ ግባ ልጄ» አሉት።

ድንጋዩ ነጎድጓድን አየ። ነጎድጓድ ትከሻውን ሰበቀ። ሰውዬው ቀስ ብሎ ገባ፣ ቀበቶውን አሰረ፤ ጎተት አድርጎ ፈተሸው፣ ደግሞ ፈተሸው።