አብሮ ያልሄደው ድምፅ

ምን ልደብቅ፣ በታናሽ እህቴ እቀናለሁ። ልጆች ሆነን እሷ አባባ ጀርባ ላይ ታዝላ ስትሄድ እኔ ጫማዋን ይዤ ከኋላ እከተል ነበር። ይኸው አርባ ዓመት አልፎኝም ጫማዋን አላስቀመጥኩትም።

የእማዬ ሰባኛ ዓመት ልደት ሦስት ቀን ሲቀረው እህቴ ፎቶ ቤቴ መጣችና ላፕቶፗ ላይ የነበረውን ሁሉ የኔ ኮምፒውተር ላይ አራገፈችው።

"እታለም፣ የቤተሰቡን ፎቶ በስላይድ አቀናብሬዋለሁ። የደበዘዙትን አስተካክይና በፍላሽ ገልብጪልኝ፤ የአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚታየው። ከጀርባው የሚሰማው ደግሞ የአባባ ዘፈን ነው። ካሴቱን እማዬ ሰጥታኝ አስገለበጥኩት።"

አባባ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ካሴት አለ ብሎ የነገረኝ የለም!

"አንቺ ግን አሁን እንዳትሰሚው፣ እሺ? በዕለቱ ነው" አለችኝ።

ጭራሽ! የገዛ አባቴን ለመስማት የሷ ፈቃድ ያስፈልገኛል? እልህ ያዘኝ። ጆሮዬን ቢቆርጡኝ አልሰማውም አልኩ።

"ድምፁ አብሮ ይሄዳል አይደል?"

"ይሄዳል" አልኳት።

ውሸቴን ነው። በቀን ስንቱ ነው "እቤት ሲዘፍን ነበር፣ እዚህ ሲደርስ ምነው ዲዳ ሆነ?" እያለ የሚመጣብኝ። እሷ የሠራችው ስላይድ ዘፈኑን በውስጡ አልያዘም፤ የት እንደተቀመጠ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ይፈልገዋል፣ ያጣዋል፣ ዝም ይላል። ዘፈኑን እስላይዱ ውስጥ ለመክተት ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ስላይዱን ብቻ ገለበጥኩላት። እሰይ፣ ደግ አደረግኩ!

በልደቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፎቶዎቹ ይቀያየራሉ፣ ድምፅ የለም። እህቴ ገመድ ነቀለች፣ ሰካች፣ ላብ አጠመቃት። ከኋላ አንዱ "ድምፅ!" ብሎ ሲጮህ ሰው ሳቀ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ማይኩን አነሳች። "ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እህቴ አሳምራ ነበር የሠራችልኝ፤ እኔ ነኝ የሆነ ቦታ ያበላሸሁት።"

አጠገቤ የተቀመጠችው እማዬ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። "አይ ዕድልሽ! ያንቺው ካሴት እኮ ነው። ድንገት ላሰማት ብላ ስንት ቀን ደከመች መሰለሽ።"

ተነስቼ ወጣሁና ፎቶ ቤቴን ከፈትኩ። ዘፈኑ እዚያው ኮምፒውተሬ ላይ ነው። ተጫንኩት።

ካሴቱ ትንሽ ተንሿሿ። ከዚያ አባባ፣ "አለቃዬ፣ ነይ ወደዚህ። ትንሿ ተኝታለች፤ አሁን እኔና አንቺ ብቻ ነን" አለ። ዘፈነ። አንዲት ሕፃን በተኮላተፈ አንደበት ትከተለዋለች። አለቃዬ የሚለው እኔን ነበር። እንዴት ረሳሁት?

ስልኬ ጮኸ፤ እህቴ ናት።

"እታለም፣ የት ጠፋሽ? ኬኩን ሳንቆርስ እየጠበቅንሽ ነው። ድምፁ ምን እንደነካው ገባሽ?"

"ገብቶኛል" አልኳት። "እኔ ነኝ።"