ሰልፈኛው ያቦካው ስንኝ

ዳቦ ጋጋሪው እስከ ክርኑ ሊጥ እንደለበሰ ከማቡኪያው ወደ በሩ ሮጠ። ሚስቱ ከመሸጫው መስኮት «አባዬ መጣ! መንገዱን እየተሻገረ ነው!» ብላ ጮኻለች፤ ጥቁር ሰሌዳው ደግሞ እንደተሰቀለ ነው። ትናንት የዳቦ ዋጋ በነበረበት ቦታ ዛሬ የአማቱ ግጥም በነጭ ጠመኔ ተጽፏል፤ ያውም ከመሳቢያቸው ሳይጠይቅ ገልብጦት፦

ሊጥ እንኳን ይነሳል እሳቱ ዳር ሲተው፤
የኔ ልብ ምነዋ ሸፍኜው የሞተው?

አማቱ ገጣሚ ናቸው፤ ይህንን ግን ከአምስት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። አምስቱ ወዳጆቻቸው በየቅዳሜው ቤታቸው ተሰብስበው፣ በር ዘግተው፣ መጋረጃ ጋርደው ያነባሉ። ያ ጥንቃቄ ባንክ ቤት ቢኖር ኖሮ ሌባ ተስፋ ቆርጦ ይመነኩስ ነበር። «ግጥም ሽቶ ነው» ይላሉ ሽማግሌው። «አደባባይ ላይ ከረጨኸው ሽታው ለንፋስ ነው።» ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ ከነዚህ ሁለት ስንኞች ሌላ አልጻፉም።

ጋጋሪው ትምህርትን ከአራተኛ ክፍል ነው የተሰናበተው። ባለፈው ሳምንት የሽማግሌውን መሳቢያ ሲጠግንላቸው ወረቀቱን አነበበና መዶሻው ከእጁ ወደቀ። «ይህንን አምስት ሰው ብቻ ይብላው?» አለ። ሚስቱ አስጠንቅቃው ነበር፦ «ካወቀ ደጃችንን አይረግጥም። እሱን ካጣሁ ሌላ ወላጅ የለኝም፣ ስማኝ!» ሰማ፤ ግን ሰቀለው።

አሁን ሰሌዳውን ሊያወርድ እጁን ሲዘረጋ ሰልፈኛው ተንጫጫ።

«ንካውና እንተያያለን!» አለ ብሎን የሚሉት የጋራዥ ሠራተኛ። «ገና መች ጨረስነው?»

ሰልፉ ጥጉን ዞሮ ሄዷል። ጭራው ላይ ያለው ጸጉር አስተካካይ ጺሙን ተላጭቶ እንደተሰለፈና በሩ ጋ እስኪደርስ ደረቱ ድረስ እንደሚወርድለት ይወራል፤ ወሬውን ያመጣው እሱ ራሱ ስለሆነ ጥርጥር የለውም። ዳቦውን የገዛውም አልሄደም። አንዱ ‹ልብ› በ‹ጨጓራ› ካልተተካ ብሎ ይሟገታል፤ ሁለት ሴቶች ‹ምነዋ› ሲባል ድምፅ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል እያሉ ይከራከራሉ። ብሎን ደግሞ ድንጋይ ላይ ቆሞ አወጀ፦

«ሦስተኛው መስመር እኔ ጋ ነው! ‹መኪና እንኳን ይነሳል ባትሪው ሲሞላ!›»

«ውረድ አንተ!» አለ ሰልፉ በአንድ አፍ፤ ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

ሳቁ መሀል ሽማግሌው ደረሱ። ሰሌዳውን አዩ። ከዘራቸውን አነሱ።

«ማነው ግጥሜን እዚህ ያሰጣው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ ጋጋሪው። «ከዘራው ለኔ ይሁን፤ ግጥሙን ግን ይተዉልን።»

«ይኸው ባትሪ ገባበት! ያልኩህ ይህንን አይደለም? ለሁሉም የተሰጠ ነገር የማንም መጫወቻ ነው!»

«ዳቦስ፣ አባባ? ለሁሉም ስለሸጥኩት ጥሬ ሆኖ ያውቃል?»

«ዳቦ ይዋጣል! ግጥም ይታኘካል!»

«ታዲያ እያኘክን አይደል እንዴ?» አለ ብሎን።

ሽማግሌው ሰሌዳውን ሊነቅሉ እጃቸውን ሰነዘሩ። በመስኮቱ ውስጥ ልጃቸው አፏን በመዳፏ ይዛ ቀረች። ይሄኔ አንዲት ልብስ አጣቢ ከሰልፉ ወጣ አለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ከፊቷ የቆመውን ሰው ሦስት ጊዜ አስነብባው ነበር።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሊጥ አቡክተው ያውቃሉ?»

«እኔ?» እጃቸው አየር ላይ ቆመ። «የምታቦካው ባለቤቴ ነበረች።»

«ታዲያ እሳቸው ቢኖሩ ይነግሩዎት ነበር። ሊጥ እሳቱ ዳር አይተውም፤ ቆዳ አውጥቶ ይደርቃል እንጂ አይነሳም። ተሸፍኖ ነው የሚተው። አንጀቴን የበላውም እሱ ነው። ሊጡም ተሸፈነ፣ የርስዎም ልብ ተሸፈነ። አንዱ ተነሳ፣ አንዱ ሞተ።»

ጨጓራ ባዩ እንኳ «እሺ፣ ልብ ይሁን» አለ።

ሽማግሌው ወደ ጋጋሪው ዞሩ። «እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«በየቀኑ የምሸፍነው እኔ አይደለሁ? አማት አይታረምም ብዬ ነው።»

«ዘጠኝ ዓመት!» አሉ ሽማግሌው፤ ቁጣ ይሁን ደስታ አልለየም። «አምስት የተማረ ሰው ዘጠኝ ዓመት አነበበው! አንዱ እሳቱ ጊዜ ነው አለኝ፣ አንዱ እሳቱ ምኞት ነው አለኝ። ሊጡ ይደርቃል ያለኝ አንድ የለም!»

ጠመኔውን ከጋጋሪው ኪስ መዘዙ። በኮታቸው እጅጌ ‹እሳቱ ዳር›ን አጠፉና ‹ተሸፍኖ› ብለው ጻፉ። ከዚያ ጮክ ብለው አነበቡት፤ በዕድሜያቸው ከአምስት ሰው በላይ ፊት ሲያነቡ የመጀመሪያቸው ነው።

ሊጥ እንኳን ይነሳል ተሸፍኖ ሲተው፤
የኔ ልብ ምነዋ ሸፍኜው…

መጨረሻዋን ቃል ሳይሏት ቀና ብለው ሰልፉን አዩ። ሰልፉ ተቀብሎ ጨረሰላቸው፤ ከማዶ ያሉ መስኮቶች ሁሉ ተከፈቱ።

«ባትሪዬስ?» አለ ብሎን።

«ባትሪህን ለመኪናህ!» አሉት ሽማግሌው።

ልጃቸው ዓይኗን በመቀነቷ እየጠረገች እንደ ሁልጊዜው የጓሮውን በር ከፈተችላቸው። «አባዬ፣ በዚህ ግባ። ትኩሱን አስቀምጬልሃለሁ።»

ሽማግሌው በሩን አዩት። ከዚያ ከዘራቸውን እየተከሉ፣ የሰልፉን ጎን ይዘው፣ ጥጉን ዞረው ከጸጉር አስተካካዩ ኋላ ቆሙ።

«ኧረ አባባ፣ ሽማግሌ አይሰለፍም! ይለፉ እንጂ» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«ተወኝ፣ ልጄ» አሉ። «ተራዬን ልጠብቅ። ሁለተኛውን ስንኝ ገና አላኘካችሁትም።»