ስለ ቄሳችን

«ምነው፣ ፊትሽን ፈታ አድርጊው እንጂ! እጅሽን አውጥተሽ የመረጥሻት ቄስ አይደለች?» አለቻት ዶሪን በአሜሪካዋ ሳቫና ከተማ፣ ሴቶችም ቄስ በሚሆኑበት ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ።

«የመረጠው እጄ ነው፤ እኔ መች መረጥኩ!» አለች ቨርሊን።

የምእመናኑን ጸሎት የምትመራው ቨርሊን ናት። የቀድሞው ቄስ አባ ላየነል በዐቢይ ጾም ከሞቱ ወዲህ ግን ስማቸውን ከሙታን ጋር አንድም ቀን አልጠራችም። ዛሬ ደግሞ ለሕያዋን ስትጸልይ አፏ ለምዶ «ስለ ቄሳችን ስለ ላየነል» አለች።

አዲሷ ቄስ ሜሬዲት ብቻ ከመሠዊያው ሆና፣ ሕዝቡ ሊመልሰው የሚገባውን «ጌታ ሆይ፣ ጸሎታችንን ስማ» ብላ ተቀበለቻት።

የሙታን ተራ ሲደርስ ቨርሊን እንባዋ እየቀደማት «ስለ ላየነል» አለች። ከዚያም ወደ ሕያዋን ተመለሰች።

«ስለ ቄሳችን ስለ ሜሬዲት።»